የሐጂ ይማም ዱዓ እና ዝም ያለችው ዲስክ

የቃሊቲውን ሱቄን ቁልፍ ለአከራዬ ያስረከብኩ ዕለት ሰፈርተኛው “ጥሩወርቅ ጡረታ ወጣች” ብሎ አወራ። እውነቱን ለመናገር ጡረታ የወጣሁት ቀደም ብዬ ነው፤ ፋብሪካችን ወደ ግል ሲዛወር ከተሰናበቱት አንዷ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ግን በራሴ ሱቅ ስሠራ የኖርኩት ከፋብሪካው ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ኮምፒውተር እጠግን ነበር፤ በተለይ ደግሞ ከተበላሸ ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሰው ፋይል አወጣ ነበር። ይህን ሥራ ያስተወኝ ዕድሜ ብቻ አይደለም። ኤስኤስዲ የምትባል፣ ከማስቲካ ጥቅል የማትበልጥ አዲስ ዓይነት ዲስክ መጣችና የማውቀውን ግማሹን ከጥቅም ውጭ አደረገችው። እሷ መጥፎ ናት ማለቴ አይደለም። እኔ ቤትም ኮምፒውተሬ ውስጥ ያለችው እሷ ናት።

ሥራ የጀመርኩት መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ አቃቂ ውስጥ ባለ አንድ የሚስማር ፋብሪካ ነው። በኤሌክትሪክ ሙያ ተመርቄ ስገባ በጥገና ክፍሉ ውስጥ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። የመደቡኝ ጋሽ መኮንን ከሚባሉ አንጋፋ ሠራተኛ ሥር ነው። ጋሽ መኮንን በወጣትነታቸው የቴሌግራም ማሽን ሲጠግኑ የኖሩ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቱታቸውን እየተኮሱ የሚለብሱ ሰው ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ምንም አላስተማሩኝም። አጠገባቸው አስቀምጠው አንድ የቆመ ሞተር ሲፈቱ እንዳይ ብቻ አደረጉኝ። ያወጡትን ብሎን ሁሉ በነጭ ወረቀት ላይ፣ በማሽኑ ላይ በነበረበት ቦታ ልክ ይደረድሩታል። ሲጨርሱ ወረቀቱ የማሽኑን መልክ ይዟል። እኔም እስከ መጨረሻው ድረስ እንደዚያው ስሠራ ኖሬያለሁ።

ኮምፒውተር ወደ ፋብሪካው ሲመጣ አለቃችን አቶ ግርማ ነበሩ። ደግ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ኮምፒውተር ይፈራሉ። ለማሽኖቹ ብቻቸውን አንድ ክፍል ሰጧቸው፤ መስኮቱን ወፍራም መጋረጃ አስጋረዱት፤ ከበሩ ላይም “ጫማ አውልቀው ይግቡ” የሚል አስለጠፉ። ከውጭ ሠራተኛው ሚስማር ሲቆርጥ ወለሉ እየተንቀጠቀጠ፣ እኛ ውስጥ በካልሲ እንሄዳለን። ጋሽ መኮንን ጫማቸውን ባወለቁ ቁጥር፣ “ቤተ ክርስቲያን የማይስመውን ሁሉ ጫማ አስወለቀው፤ ይህ ማሽን ጻድቅ ሳይሆን አይቀርም” ይሉ ነበር። አቶ ግርማ ይሰማሉ፤ አይቆጡም።

የመጀመሪያው የዲስክ ብልሽት የገጠመን በዚያ ክፍል ውስጥ ነው። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኮምፒውተር አንድ ጠዋት አልነሣ አለ። አቶ ግርማ ላብ በላብ ሆነው፣ “ያው ተበላሽቷል፣ ሌላ ይገዛል። ግን የግምጃ ቤቱ የዕቃ መዝገብ ሁሉ ያለው እሱ ውስጥ ነው” አሉ። ጋሽ መኮንን በኮምፒውተሩ የሚሠራውን ልጅ ጠሩና ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁት፤ “መጨረሻ ያየኸው ምንድን ነው? መጨረሻ የሰማኸውስ?” ከዚያ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ወጡ። ለምን እንደወጡ አልገባኝም ነበር። ለካ የምሳ ደወል እየጠበቁ ነው። ማሽኖቹ ለምሳ ሲቆሙና ፋብሪካው ጸጥ ሲል ተመልሰው መጡ። ሰዓታቸውን አወለቁ፤ በእጃቸው ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳው የመስኮቱን ብረት ነኩ፤ የጠመንጃ መፍቻውን ጫፍ ዲስኩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ኮምፒውተሩን አብሪ አሉኝ።

“ምን ይላል?” አልኳቸው።

“ይዞራል። አይንኳኳም። ስለዚህ ሆዱ ደህና ነው፤ የታመመው ከውጭ ነው።”

እንዳሉትም ሆነ። የዲስኩን የታች የኤሌክትሪክ ሰሌዳ፣ ተመሳሳይ ሞዴል ካለው ከሌላው ኮምፒውተር ዲስክ ላይ ፈትተን ብንቀይርለት ተነሣ። አቶ ግርማ ከደስታቸው ብዛት በጫማቸው ገቡ። እኔም ዲስክ ማዳመጥን በዚያ ቀን ጀመርኩ። የደህና ዲስክ ድምፅ እንደ ሩቅ ወፍጮ ይፈሳል። የሚያነብበት መርፌ የተጎዳበት ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፤ እንዲህ ካለ ቶሎ ማጥፋት ነው፣ በተነሣ ቁጥር ራሱን ይፍቃል። ሞተሩ የያዘው ደግሞ እንደ ትንኝ ያቃስታል። ከዚያ በኋላ በእጄ ያለፈው ዲስክ ብዙ ነው፤ ሁሉም ከመሞቱ በፊት አንድ ነገር ይናገር ነበር።

ፋብሪካው ወደ ግል ሲዛወር ጋሽ መኮንን ጡረታቸው ደርሶ ነበር፤ እኔ የተሰጠኝን የስንብት ገንዘብ ይዤ ወደ መናኸሪያው በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራየሁ። አከራዬ ከጉራጌ የመጡ ባለ ሱቅ ናቸው፤ ግድግዳውን እየተጋራን እሳቸው ስኳርና ዘይት፣ እኔ ኮምፒውተር እናነሣለን እንጥላለን። ደንበኛዬ የአካባቢው ሰው ነበር። ማረሚያ ቤቱ አጠገብ ማመልከቻ የሚጽፉ ጸሐፊዎች፣ ኢንተርኔት ቤቶች፣ ከገላን ኮንዶሚኒየም የልጆቻቸውን ኮምፒውተር ተሸክመው የሚመጡ አባቶች፣ ቂሊንጦ ፋብሪካ የሚሠሩ ልጆች። ትልቁ ጠላቴ አቧራ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከባድ መኪና ያልፋል። ዲስክ መክፈት ግድ ሲሆንብኝ የዓሣ ማርቢያ የመሰለ የመስታወት ሣጥን አሠርቼ፣ እጄን በጓንት በሁለት ቀዳዳ አስገብቼ ነበር የምሠራው። ሰዎች ሲያዩኝ ይስቁ ነበር። ፋይላቸው ሲወጣ ደግሞ ይመርቁኛል።

ሸምሱ ጎረቤቴ ነው። የስልጤ ልጅ ነው፤ ከእኔ ሱቅ ትንሽ ወረድ ብሎ ፎቶ ቤት አለው፤ የሰርግ ቪዲዮም ያነሣል። ሥራውን ይወዳል። የሙሽራ ቀሚስ ጫፍ መሬት ሲነካ እንኳ ጥሩ አድርጎ የሚያነሣ ልጅ ነው። ችግሩ ኮምፒውተሩ ነበር። አንድ ሰርግ ቆርጦ ለመቀጠል ሲቀመጥ ማሽኑ ይደርቅበታል፤ አንዱን ምስል ከሌላው ጋር እስኪያገናኝ ሻይ ጠጥቶ፣ ሰግዶ፣ ሱቅ ጠርጎ ይመለሳል። አንድ ቀን ከመሀል ከተማ የገዛትን ትንሽ ሣጥን ይዞ መጣ።

“እትዬ ጥሩወርቅ፣ ይቺን አስገቢልኝ። ትፈጥናለች አሉኝ።”

ስከፍተው ጥቁር፣ ቀጭን፣ ከጣቴ ብዙም የማትረዝም ሰሌዳ ናት። ገመድ የላትም። የሚዞር፣ የሚንቀሳቀስ የላትም። የዴስክቶፑን ክዳን ከፍቼ ማዘርቦርዱ ላይ ለእሷ በተሠራችው ጠባብ ቀዳዳ ሸርተት አድርጌ አስገባኋት፤ ሌላኛው ጫፏ ቀና ይላል፣ እሱን በጣት ተጭኖ በአንዲት የሽንብራ ፍሬ በማታክል ብሎን ማሰር ነው። አለቀ። የሠራሁት ሥራ ያሳፍር ነበር፣ በጣም ቀላል ከመሆኑ የተነሣ። ፕሮግራሞቹን ጭኜ ኮምፒውተሩን ሳስነሣው ሸምሱ ገና ወንበር እየሳበ ነበር።

“ተነሣ?”

“ተነሥቷል።”

“ወላሂ! እኔ እኮ ገና አልተቀመጥኩም!” አለና አንድ የቆየ ሰርግ ከፍቶ ወደ ፊት ወደ ኋላ አስኬደው። ምስሉ እንደ ውኃ ይሄዳል። ሸምሱ እንደ ሕፃን ሳቀ። እኔ ደግሞ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ከውስጥ ሳላወጣ ተውኩትና፣ “ስማኝ፣ በዚህች ላይ ሥራ፣ በዚያኛው ላይ አስቀምጥ። ሰርጉን እንደገለበጥክ ሁለቱም ላይ ይኑር” አልኩት። እሺ አለ። ለብዙ ወራትም እንደነገርኩት ሲያደርግ አይቻለሁ።

በዚያ ሰሞን ጋሽ መኮንን ሊጠይቁኝ መጡ። የሚስማር ማሽኑ ጫጫታ በእርጅናቸው ጆሯቸውን ወስዶት ነበር፤ ሰው የሚያናግራቸው እየጮኸ ነው። ለሌላ ደንበኛ ያመጣኋትን ኤስኤስዲ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ገለባበጧት። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ቺፖቹን አንድ በአንድ አዩአቸው።

“ምኗ ይዞራል?” አሉኝ።

“ምንም አይዞርባትም!” ብዬ ጮህኩ። “ድምፅም የላትም!”

“ታዲያ ስትታመም በምን ታውቂያለሽ?” አሉ።

ከዚያ ወረቀት ላይ በጥንቃቄ አስቀምጠዋት ስለ ልጄ ትምህርት ጠየቁኝ።

ሐጂ ይማም የሚባሉት ከወሎ መጥተው ቃሊቲ የከረሙ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ዕድሜያቸውን በጅቡቲ መንገድ ጨርሰው፣ ሐጅ አድርገው፣ መሪውን ለልጆቻቸው ለቀው ቤት ከተቀመጡ ቆይተዋል። ቀልደኛ ናቸው። ሱቄ ፊት ለፊት ሲያልፉ፣ “ጥሩወርቅ፣ የእኔን ጭንቅላት መቼ ነው የምትጠግኚው?” ይሉኛል። ልጃቸውን ከዲጃን ሲድሩ ቪዲዮውን የያዘው ሸምሱ ነበር። ድንኳኑ በግቢያቸው ውስጥ ተጥሎ፣ ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላ በኩል ሆነው፣ ሰርጉ ደምቆ ዋለ። እኔም ተጠርቼ ሄጄ ከሴቶቹ ጋር በልቼ ተመለስኩ።

ሸምሱ የሁለቱን ካሜራ ምስል በማግሥቱ ፈጣኗ ዲስክ ላይ ገለበጠ። የሰርግ ወቅት ነበር፤ ቀጣዩ ሰርግ ይጠብቀዋል። አሮጌው ሃርድ ዲስክ ሞልቷል፤ ከሱ ላይ የቆየ ነገር አጥፍቼ ኋላ አስተላልፋለሁ ብሎ የካሜራዎቹን ካርዶች አጸዳና ለሌላ ሰርግ ወጣ። ሲመለስ ተቀምጦ መቁረጥ ጀመረ። ያን ቀን በሰፈራችን መብራት እየሄደ እየመጣ አስቸገረ። የመብራት መጠባበቂያው ባትሪ ደግሞ ደክሞ ነበር፤ እልም ብሎ ይጠፋል። ኮምፒውተሩ በሥራ ላይ እያለ ደጋግሞ ጠፋ። በመጨረሻ መብራቱ ረግቶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ዲስክ የለኝም አለ።

ሸምሱ ማሽኑን ተሸክሞ እኔ ጋ ሲመጣ ብዙም አልደነገጠም ነበር። “ታወጪዋለሽ” አለኝ። ከዚህ በፊት ያወጣሁትን ብዙ ነገር አይቷል። ሐጂ ይማም ያረፉት በዚያው ሳምንት ነው። ከመስጊድ ተመልሰው ቁርስ ሊቀምሱ ሲቀመጡ ደከመኝ አሉ፤ ጋደም እንዳሉ አልተነሡም። ቀብራቸው ላይ ሸምሱ ከኋላ ቆሞ አየሁት፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

ከለቅሶው ጥቂት ቀን በኋላ ከዲጃ ሱቄ መጣች። ጥቁር ሻሿን ወደ ኋላ አድርጋ ጠረጴዛዬ ላይ የተፈታታውን ኮምፒውተር አየች።

“እትዬ ጥሩወርቅ፣ ሸምሱ እርስዎ ጋ ነው ብሎኝ ነው።”

“እኔ ጋ ነው። ቁጭ በይ ልጄ።”

አልተቀመጠችም። “ሌላውን ሁሉ ይተዉት። ምግቡን፣ መኪናውን፣ እኔንም ይተዉኝ። አባዬ ዱዓ ያደረገባትን ብቻ ያውጡልኝ።”

“አንቺስ አልሰማሽውም?”

“ሙሽራ ምን ትሰማለች? ውስጥ ተሸፋፍኜ ተቀምጬ። ሰው ሲስቅ ሰማሁ፤ ከዚያ አሚን ሲሉ ሰማሁ። እማዬ ደግሞ ከድስቱ አጠገብ አልተነሣችም። ‘ኋላ በቪዲዮ አየዋለሁ’ ብላ። አሁን በየቀኑ ‘ቪዲዮው አልደረሰም ወይ?’ ትለኛለች።”

ሰው ሐዘን ላይ ሲሆን ተስፋ መስጠት ቀላል ነው። “የምችለውን አደርጋለሁ” ብቻ አልኳት።

የማውቀውን ሁሉ አደረግሁ። በሌላ ማዘርቦርድ ላይ ሞከርኳት። ኤሌክትሪክ ብቻ ሰጥቼ፣ ምንም ሳላዛት፣ ራሷን ታስተካክል እንደሆን ብዬ ለረጅም ጊዜ ተውኳት። አጥፍቼ አሳረፍኳት፤ ደግሜ አበራኋት። አንድ ጊዜ ብቅ አለች፤ ግን በሌላ ስም፣ በውስጧም አንዲት ፎቶ እንኳ የማይበቃት ትንሽ ቦታ ብቻ አለኝ ብላ። ያን ጊዜ ገባኝ። ኤስኤስዲ ፋይሉን በብዙ ቺፖች ላይ በትና ነው የምታስቀምጠው፤ የቱ ቁራጭ የት እንዳለ የምታውቀው ደግሞ ራሷ በያዘችው ካርታ ነው። መብራቱ ሲሄድ የጠፋው ካርታው ነው። ቺፖቹን ነቅሎ ማንበብ ይቻል ይሆናል፤ የሚገኘው ግን የተቆለፈና የተበታተነ ነገር ነው። መሀል ከተማ ከእኔ የተሻለ መሣሪያ ያለው ሰው አለ፤ እሱ ጋም ወሰድኳት። ከሁለት ቀን በኋላ ደውሎ፣ “እትዬ፣ አይሆንም” አለኝ። እሱም ደጋግሞ ሞክሯል፤ ድምፁ ላይ ያስታውቅ ነበር።

በሥራ ዘመኔ ያልወጣልኝ ዲስክ እሷ ብቻ አይደለችም። ሌሎቹ ግን ስከፍታቸው የተፋቀ ገጽ፣ የተሰበረ መርፌ አሳይተውኛል፤ ለባለቤቱ “እየው፣ እዚህ ጋ ነው የሞተው” እለዋለሁ። እቺ ግን ጭረት እንኳ የላትም። አዲስ እንደተገዛች ታብለጨልጫለች። ለከዲጃ ምኑን እንደማሳያት አላወቅሁም።

የቀሩኝ የካሜራዎቹ ካርዶች ነበሩ። ሸምሱ ሌላ ሰርግ ደርቦባቸዋል። ቢሆንም ያልተነካ ጥግ ሊኖር ይችላልና ካርዶቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈተሽኩ። ብዙ ቁርጥራጭ አወጣሁ፤ የመኪና ጎማ፣ የሰው ጫማ፣ የማላውቀው ሰው ሲያጎርስ። ከሁሉ መሀል አንዲት ቁራጭ ላይ ሐጂ ይማም ነበሩ። ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው፣ መዳፎቻቸውን ከፍተው፣ አንገታቸውን ወደ ሙሽራው ዘንበል አድርገው አንድ ነገር እየተናገሩ ነው። ከምስሉ ግማሹ አረንጓዴ ሣጥን ሣጥን ሆኗል። ድምፅ የለውም። ትንፋሽ ያህል ቆይቶ ይቋረጣል።

ሸምሱን ጠርቼ አሳየሁት። አየና ራሱን ያዘ።

“ይኼን ከምናሳያቸው ምንም የለም ብንል አይሻልም?”

“ለምን?”

“አፋቸው እየተንቀሳቀሰ ድምፃቸው የለ! ቁስል መንካት ነው። እኔ ደግሞ እትዬ፣ በየት ዓይኔ ነው የማያቸው? በደጃቸው ማለፍ ትቼ በታች በኩል ነው እየዞርኩ የምገባው።”

“አብረን እንሄዳለን” አልኩት። “የወጣው ይኼ ነው። የእነሱ ነው፤ የእኛ አይደለም።”

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ላፕቶፔን ይዤ፣ ሸምሱን አስከትዬ ሄድኩ። ቤቱ ውስጥ ጥቂት ለቅሶ ደራሽ ነበር። የሐጂ ባለቤት ወይዘሮ ዘይነብ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከዲጃ ከጎናቸው ናት። ሁለት የሐጂ ዘመዶች ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ከበሩ አጠገብ ደግሞ ሰይድ አለ። ሰይድ ዕድሜውን ሙሉ የሐጂ ረዳት ሆኖ የኖረ፣ አንድ እግሩ ትንሽ የሚያነክስ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ሐጂ መሪውን ቢለቁም እሱ ከቤታቸው አልራቀም።

ወይዘሮ ዘይነብ እንዳዩኝ፣ “ጥሩወርቅ፣ መጣልኝ?” አሉ።

ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልፈለግሁም። “አልወጣም ወይዘሮ ዘይነብ። ሁሉንም ሞከርኩ፤ እኔም አልቻልኩም፣ ሌላም ሰው አልቻለም።”

ሸምሱ በሩ ላይ እንደቆመ ፊቱን ወደ ደጅ አዞረ። ወይዘሮ ዘይነብ ለሸምሱ፣ “ግባና ተቀመጥ እንጂ ልጄ፣ ምን አስቆመህ?” አሉት። ቁጣ የለበትም። ገብቶ ተቀመጠ፤ ከዚያ ግን ማልቀስ ጀመረ፤ እሳቸው ናቸው ያጽናኑት።

ላፕቶፑን ከፈትኩና፣ “አንዲት ትንሽ ነገር ግን ተገኝታለች። ድምፅ የላትም” አልኳቸው። አስኬድኩላቸው። ከዲጃ አፏን በእጇ ያዘች። ወይዘሮ ዘይነብ ፊታቸውን ወደ ላፕቶፑ አስጠግተው እስኪቋረጥ አዩ።

“ምን እያሉ ነው?” አሉ።

ወደ ዘመዶቹ ዞሩ። “እናንተ ወንዶቹ ነበራችሁ እኮ። ምን እያሉ ነው?”

ከዘመዶቹ አንዱ፣ “ያው ዱዓ ነው። ውለዱ ክበዱ ብለዋል” አለ።

ሌላው፣ “አይ፣ እሱ የሼኩ ነው። ሐጂ ስለ ሪዝቅ ነው ያደረጉት፣ ሲሳያችሁን ያስፋው ብለው” አለ።

“ኧረ ሁለቱንም አላሉም መሰለኝ…” ብሎ የመጀመሪያው ጀመረና ተወው። ሰርግ ነበር፤ ሰው ይበላል፣ ይጫወታል፣ አሚን ይላል። ቃል በቃል የያዘ አልነበረም።

ሰይድ ጉሮሮውን ጠረገ።

“እኔ ሰምቻለሁ” አለ። “አጠገባቸው ነበርኩ።”

“ታዲያ እስካሁን ዝም ትላለህ?” አሉት ወይዘሮ ዘይነብ።

“ቪዲዮው አለ ሲሉ…” አለና ቀና ብሎ ተቀመጠ። መዳፎቹን ከፈተ። ሰይድ ሲናገር ሰምቼው የማላውቀው ሰው ሆነ፤ ትከሻው ሰፋ፣ ድምፁ ወፈረ፤ የሐጂን አነጋገር ከእነ ማቆሚያው ያዘው።

“ልጆቼ፣ እኔ የማውቀው መንገድ ነው። መንገድ ደግሞ ሽቅብም አለው፣ ቁልቁልም አለው። ሽቅብ ስትወጡ ጉልበት፣ ቁልቁል ስትወርዱ ፍሬን ይስጣችሁ። የጫናችሁት አይክበዳችሁ፤ ያራገፋችሁት አይቆጫችሁ። መንገዳችሁን ሁሉ አላህ የቀና ያድርግላችሁ።”

“አሚን” አሉ ሁለቱ ዘመዶች። አንደኛው፣ “ልክ ነው! ፍሬን ሲሉ እኮ ነው የሳቅነው!” አለ።

ወይዘሮ ዘይነብ አልሳቁም። “ሐጂ ‘ያድርግላችሁ’ አይሉም” አሉ። “‘ያርግላችሁ’ ነው የሚሉት።”

“አዎ፣ ያርግላችሁ” አለ ሰይድ።

“እንግዲያ ድገመው።”

ሸምሱ እንባውን ጠርጎ ስልኩን ለመቅጃ ሲያወጣ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ “አስቀምጠው ልጄ፣ መጀመሪያ እኔ ልስማ” አሉት። ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ሰይድ ደገመው። እኔ ደግሞ ለምን እንደሆነ ሳላስበው፣ እሱ ሲጀምር ምስሉን አስነሣሁት። አልተገጣጠመም፤ ምስሉ ቀድሞ አለቀ። ወይዘሮ ዘይነብ ግን ምን እያደረግሁ እንደሆነ ገባቸው። “እንደገና” አሉ፤ ለሁለታችንም ነው። ሰይድ በዝግታ ጀመረ። እኔ እጄን አዝራሩ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። ሽቅብ ስትወጡ ሲል ለቀቅሁት፤ አልሆነም፣ የሐጂ አፍ ሌላ ነገር ይላል። አሁንም እንደገና። በዚህኛው ቁልቁል እስኪል ጠብቄ ለቀቅሁት።

የሐጂ የታች ከንፈር ከጥርሳቸው ሥር ገባ፤ ሰይድም በዚያችው ቅጽበት “ፍሬን” አለ። ከሐጂ ኋላ፣ አረንጓዴው ባልበላው ጥግ ላይ፣ አንድ ሰውዬ ሊስቅ ጥርሱን ሲገልጥ ይታያል።

“እቺ ናት” አሉ ወይዘሮ ዘይነብ። ጣታቸውን መስታወቱ ላይ፣ የሐጂ አፍ አጠገብ አሳረፉ። “እዚህ ጋ ፍሬን እያሉ ነው።”

ከዚያ ሳቁ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ሲስቁ ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑን ያወቅሁት ከዲጃ ዘወር ብላ ስታያቸው ነው።